ወንድሜን ከአንቀጽ ዘጠኝ ስለማስለቀቅ

ቀን፦ የካቲት 11

ለውል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በውል ቁጥር 318 አንቀጽ 9 የተጻፈው የአምስት ዓመት የሥራ ክልከላ በአንደኛው ወገን ፈቃድ እንዲነሳና ይኸው ለሁለተኛው ወገን በማኅተም እንዲገለጽለት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ከአባቴ በተረፈ አንድ ክፍል ውስጥ የጫማ መሥሪያና መጠገኛ ቤት ያለኝ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። በመስኮት ቁጥር ሦስት የሚያስተናግዱት ሠራተኛዎ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። ፊት ነሱኝ አልልም፤ «እናቴ፣ ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ አይሆንም» እያሉ በትሕትና ነው የሸኙኝ። አራተኛ ጊዜ ባዶ እጄን ከምመለስ ነገሩን በጽሑፍ ላቅርብ አልኩ። አቤቱታዬ ከሚገባው በላይ ቢረዝም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በአጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

1. የውሉ አንደኛ ወገን፣ በወረቀቱ አጠራር «አሠሪ»፣ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ወገን፣ «ሠራተኛ» የተባለው፣ በአራት ዓመት የምበልጠው የእናቴና የአባቴ ልጅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሁለታችንንም ያስተማረን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔን የላይኛውን ቆዳ መስፋት፣ እሱን ሶል። አባታችን ሲሞት ንግድ ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም መውጣት ስለነበረበትና ታላቋ እኔ ስለሆንኩ በስሜ ወጣ። ሥራው ግን የሁለታችን ነበር። እሱ ይከፍታል፣ እኔ እዘጋለሁ፤ ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደሆነ የጠየቀን ሰው አልነበረም፣ እኛም ተጠያይቀን አናውቅም።

2. ወንድሜ እንደ ማንም ጫማ ሠሪ አይደለም። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ እህቱ ስለሆንኩማ ዕድሜዬን ሙሉ ሳበሻቅጠው ነው የኖርኩት። አንድ እግሩ ከሌላው የሚያጥር ሰው ሲመጣ ሜትር አያነሳም። ከበሩ እስከ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ያስኬደውና ከኋላው ቁጢጥ ብሎ ያየዋል። ከዚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ አንዲት መስመር ያሰምራል፤ መስመሯ ምን እንደምትለካ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በሳምንቱ የሚያስረክበው ጫማ የቱ እግር ከፍ እንዳለ በዓይን አይለይም፤ አጭሩን እግር ከፍ የሚያደርገውን ቡሽ የሚደብቀው ከውስጥ ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ወንድሜ ቀና ብሎ አያይም፣ ቀጣዩን ጫማ ያነሳል። ደንበኞቻችን «ሚዛን» ይሉታል። በከተማችን ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው እኔ አላውቅም።

3. የዛሬ አራት ዓመት አንድ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጫማ በብዛት ሊያሠራን ጠየቀን። ከሚፈለጉት ሰነዶች አንዱ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ የሠራተኛ ውል ነበር። እኛ ደግሞ ውል የሚባል ነገር ጽፈን አናውቅም። ማስገቢያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤቴ ወደሆነችው ሽቶ አከፋፋይ ዘንድ ሄድኩ። እኛ ትንንሽ ነጋዴዎች ውል እንደ መሰላል እንዋዋሳለን፤ አንዱ ጋ ካለ ሌላው ለምን ይገዛል። እሷ ሽቶ ለሚያዞሩላት ሠራተኞች በጠበቃ ያስጻፈችው ሃያ ሁለት አንቀጽ ያለው ውል ነበራት፤ ደግ ሴት ናትና ሳታቅማማ ሰጠችኝ። እሷን አልከስም። ውሉ በእሷ ልክ የተሰፋ ነው፤ ሳይለካ ያጠለቀው ሌላ ሰው ነው። ቃላቱ ያስፈሩ ነበር፤ ስለሚያስፈሩም ጥሩ መሰሉኝ። ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ስማችንን አስገባች፤ «ሽቶ» የሚለውን ቃል ሁሉ በአንድ ቁልፍ «ጫማ» አደረገችው። ሥራው ማስቲሽ እስኪደርቅ ያህል እንኳ አልፈጀም። ለወንድሜ «ለፋይል ማሟያ ነው» አልኩት፤ ፈረመ። እዚሁ እርስዎ ዘንድ መጥተን ማኅተም ተደረገልን፤ ደረጃውን ስንወርድ እየተሳሳቅን ነበር።

4. ከአንድ ዓመት በኋላ ተጣላን። የጠቡን ምክንያት ስጽፈው ያሳፍረኛል። የሆስፒታሉ ሥራ ስለዘገየብን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ ሶል እንግጠምለት አልኩ። እሱ «ሰው ይወድቃል» አለ፤ እኔ «ቀኑ ያልፋል» አልኩ። ነገር በነገር ላይ ተነባበረ፤ በመጨረሻ ደንበኞች ቆመው እያዩን «እዚህ ቤት የማዘው እኔ ነኝ፣ ካላመንክ ሂድና ውሉን አንብብ» አልኩት። ከአፌ ከወጣው ነገር ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ወንድሜ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሄደና አነበበው።

5. በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ። በአንቀጽ 5 መሠረት የተሰጠ የሠላሳ ቀን የመልቀቂያ ማስታወቂያ ነበር፤ «ለአሠሪዬ» ብሎ ይጀምራል። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። ሠላሳውንም ቀን አንድ ሳያጎድል፣ ጠዋት ከፍቶ፣ ሶሉንም እንደ ልማዱ በእጁ እየሠራ፣ ከሥራ ቃል በቀር ሳይናገረኝ ጨረሰ። ይቅርታ ለማለት ሠላሳ ቀን ነበረኝ። ኩርፊያ ነው፣ ይበርድለታል እያልኩ አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። በመጨረሻው ቀን ቁልፉን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ ከቦርሳው ስድስት የቆዳ ቀለም ጠርሙሶች አውጥቶ በመስመር ደረደራቸው። ባዶ ናቸው፤ ተፈግፍገው ታጥበዋል፣ ክዳናቸው ሳይቀር። ያላገጠብኝ መስሎኝ በንዴት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። ኋላ ነው የገባኝ። አንቀጽ 12 «ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የተረከባቸውን የጫማ ናሙና ጠርሙሶች አጥቦ ይመልሳል» ይላል። የጫማ ጠርሙስ የሚባል ነገር እንደሌለ ከወንድሜ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈርሜበታለሁ ብሎ ግን ያገኘውን ጠርሙስ ሁሉ አጥቦ መለሰልኝ።

6. ከወጣ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። በአንድ የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ተቀጠረ ሲሉኝ፣ እልኸኛ ነው፣ በሰው ፊት ሊያሳጣኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ከአራት ወር በፊት አንዲት አስተማሪ ወደ ቤቴ መጡ። ግራ እግራቸው በአራት ጣት ያጥራል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጫማቸውን የሠራላቸው ወንድሜ ነው። በዚያን ቀን ያደረጉት ጫማ የመኪና ጎማ ተለጥፎበት ነበር፤ ሲራመዱ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። «መጋዘኑ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። አልችልም፣ አሠሪዬ ከልክላኛለች አለኝ። ለምን ትከለክይዋለሽ? እኛስ ምን አደረግንሽ?» አሉኝ። ማንንም አልከለከልኩም ብዬ ማልኩላቸው። አላመኑኝም። ሲወጡ መሳቢያዬን ከፍቼ ውሉን አወጣሁ፤ አንቀጽ 9 እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት በዚህች ከተማ ውስጥ ጫማ መሥራት፣ መጠገን፣ መሸጥ፣ ማከፋፈልም ሆነ ይህንኑ ሥራ ለሌላ ሰው ማስተማር አይችልም።» ቆሜ ያነበብኩትን ተቀምጬ ደገምኩት።

7. በማግስቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። «እትዬ፣ በጽሑፍ ካልሆነ አላነጋግራትም ነው የሚለው፤ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል ይላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አንቀጽ 17 ወገኖቹ ከተለያዩ በኋላ የሚገናኙት በጽሑፍ ብቻ ነው ይላል። እናታችን የሞተች ጊዜ ከቀብሩ ማዶ ቆሞ ሲያለቅስ ወደ እኔ ያልመጣው ለምን እንደነበር ያን ዕለት ደጃፉ ላይ ገባኝ። ሚስቱ ቀጥላ የልጁን ጫማ ሶል ሲለቅ እንኳ ሌላ ሰው ጋ ልኮ እንደሚያስለጥፍ ነገረችኝ። ልጅቱ «አባዬ፣ አንተ አትችልም እንዴ?» ስትለው ተነስቶ ይወጣል አለችኝ።

ልመለስ ስል ጠራችኝና፣ እንዳልናገርባት አስምላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። መሐላዬን ለእርስዎ ስል አፍርሻለሁ፤ በእርስዎ ዘንድ ይቅርልኝ። የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሏል። ከጎኑ የሚመጣ ሰው አይታየውም። ሐኪሙ መድኃኒቱ ቢያዘገየው ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን ዓይን ቢበዛ አንድ ዓመት ይኖረዋል ብለዋል። አንቀጽ 9 ሊያበቃ የሚቀረው ግን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው። ቀኑ ሲሞላ ይፈቀድለታል፤ ያን ጊዜ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አይችልም። ማስተማርም ስለተከለከለ የሚያውቀውን ለማንም ሳያሳይ ይቀራል።

8. ያኔውኑ በገዛ እጄ «ከአንቀጽ 9 ነፃ አድርጌሃለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ላክሁለት። ጀርባው ላይ ጽፎ መለሰልኝ፦ «በአንቀጽ 20 መሠረት ውሉ የሚሻሻለው በመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።» ልክ ነው፤ አየሁት፣ ይላል። ቀርቦ ቢፈርም በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ነበር። በሚስቱ በኩል አስጠየቅሁት። «ውሉን ያስጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ በውሉ ላይ ቅሬታ የለኝም» ብሏል። ቂም ይሁን ታማኝነት መለየት አቅቶኛል፤ ምናልባት ሁለቱም ነው። በነፃ የሚያማክሩ አንድ ጠበቃ ፍርድ ቤት ብሄድ እንዲህ ያለ ክልከላ ሊሰረዝልኝ እንደሚችል ነግረውኛል። ቀጠሮው ግን ከዓመት በላይ ይወስዳል። ዓመት ደግሞ የለንም።

9. በበኩሌ ከጥፋቴ የተማርኩትን ላስመዝግብ። አሁን ሁለት ሴቶች ቀጥሬአለሁ። ውላቸውን ስጽፍ ዳግመኛ ከሰው ሃያ አንቀጽ ያለው ሌላ ናሙና ተዋስኩ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ጠበቃ መቅጠር ለእኔ ቢጤ አይሆንም፣ ናሙናም በራሱ ጥፋት የለበትም። አሁን ግን እያንዳንዱን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና «ይህ እኛን ይመለከታል ወይ?» ተባባልን። ካልተመለከተን ሰረዝነው። ያልገባንን ሁለት አንቀጽ ለጠበቃው አሳየን። ወረቀቱን ሦስት ቀን ቤታቸው አሳድረው አስበውበት ፈረሙ። ከሃያው አንቀጽ የተረፈው ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኙንም በቃላችን እናውቀዋለን። በመስኮት ቁጥር ሦስት የሚሰለፉትን ስመለከት በእጃቸው የያዙት ከጎረቤት የመጣ ወረቀት እንደሆነ ከአያያዛቸው አውቀዋለሁ። ማኅተም ከመደረጉ በፊት ሠራተኛዎ ሁለቱንም ወገን «አንብባችሁታል? አንድ አንቀጽ ንገሩኝ» ቢሏቸው የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ምክር እንጂ አቤቱታ አይደለም፤ ተቀባይነት ባያገኝም አልቀየምም።

10. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

ሀ) አንቀጽ 9 የገባው ለእኔ ጥቅም ተብሎ ነው። ባለጥቅሟ እኔ በሙሉ ፈቃዴ ትቼዋለሁና ወንድሜ መቅረብ ሳያስፈልገው ከዛሬ ጀምሮ እንዲነሳልኝ፤

ለ) አንቀጽ 17ም አብሮ እንዲነሳ። በዚህ ግን አላስጨንቅዎትም፤ አንዱ ብቻ የሚቻል ከሆነ ዘጠነኛው ይነሳልኝ፣ እኔን ባያነጋግረኝም ይሥራ፤

ሐ) ውሳኔው በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም በቀጥታ ለወንድሜ እንዲደርሰው።

የውሉን ቅጂ ስድስት ገጽ፣ እሱ የመለሰልኝን ደብዳቤ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። ወደ ሱቄ ይመለስልኝ አላልኩም፤ የትም ይክፈት፣ ከፈለገ ከእኔ ፊት ለፊት ይክፈት።

11. እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ነገር ግን በተራ ቁጥር 3 ላይ ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ደብቄ ብፈርም ይህም ወረቀት እንደዚያኛው ይሆንብኛል።

ወንድሜ ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያነሳ ቀና ብሎ «እትዬ፣ አንብበሽዋል?» አለኝ። «ከዳር እስከ ዳር» አልኩት። አንድም መስመር አላነበብኩም ነበር። እሱ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ፈረመ።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ወንድሜ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ በዚያ አቧራ ውስጥ የተቀመጠው እህቴ አንቀጽ 9ን አንብባ፣ አስባበት፣ ይህንን ለእኔ መርጣልኛለች ብሎ ነው። ጨካኝ እንደሆንኩ ያምናል። እኔ ግን ጨካኝ አልነበርኩም፤ ቸኩዬ ነበር፣ ዋሽቼው ነበር። ይህንን በቃሌ እንዳልነግረው አይሰማኝም፤ በደብዳቤ ብጽፍለት ደግሞ የእኔን ወረቀት ለምን ብሎ ይመን።

ስለዚህ ለእሱ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «አመልካቿ ውሉን ሳታነብ አንብቤዋለሁ ብላ ያስፈረመችህ መሆኑን አምናለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባልኝ እለምናለሁ። የመንግሥት ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም ይሉኝ ይሆናል። ካልተቻለ ሚስቱ በምሥጢር የነገረችኝን ብቻ አስቀርታችሁ ይህንኑ አቤቱታ ማኅተም አድርጋችሁ ላኩለት፤ ማኅተም ያለበትን ያነባል።

የትኛውም ቢላክለት ግን ሚስቱ እንድታነብለት አልፈልግም፤ ራሱ ያንብበው። እባክዎን በትልልቅ ፊደል ይጻፍልኝ።

እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ፤

ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
የውል ቁጥር 318 አንደኛ ወገን፣
የሁለተኛው ወገን ታላቅ እህት